ወተቱን ማን ይረከባል? የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ማሽንና ወረርሽኝ ከዬዲንግ እስከ አናንድ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ በጭስ ትታጠናለች። ከየቤቱና ከየግቢው የተጠረገው ቆሻሻ በየደጁ ተከምሮ ይቃጠላል። ልማዱ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ሲሆን፣ በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ካዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው። በሀገራችን «የኅዳር በሽታ» የሚል ስም የተሰጠው ይህ ወረርሽኝ በመዲናይቱ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንንም ታመው ከዳኑት መካከል ነበሩ።

ከዚያ ወረርሽኝ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኮሮና ቫይረስ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰው ከሰው እንዲራራቅ፣ እጁን እንዲታጠብ፣ መንገዱን እንዲቀንስ ተነገረው። ላም ግን አዋጅ አታውቅም። ጠዋትም ማታም መታለብ ትፈልጋለች፤ የታለበው ወተትም በሰዓታት ውስጥ የሚረከበው ካላገኘ ይበላሻል።

ምግብ ከማሳና ከበረት ተነሥቶ ከተመጋቢው ገበታ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። አላቢው፣ ወተት ተረካቢው፣ ጫኙ፣ ሹፌሩ፣ የፋብሪካው ሠራተኛና ቸርቻሪው እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የቆሙ ናቸው። ወረርሽኝ ሲመጣ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ይፈራል፣ አንዱ ከቤት እንዳይወጣ ይከለከላል፤ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. በብዙ ሀገሮች አንድ ጥያቄ ተነሣ። የሰው እጅ ሲታሰር ሥራውን ማሽን ቢሠራው ምግቡ ሳይቋረጥ ይደርስ ይሆን? ለዚህ ጥያቄ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ረጅም ልምድ አለው። ልምዱም የሚጀምረው በዴንማርክ አገር ከሚገኝ አንድ ትንሽ መንደር ነው።

የዬዲንግ ገበሬዎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከአሜሪካና ከሩሲያ የሚጫን ርካሽ እህል የአውሮፓን ገበያ አጥለቀለቀው። እህል ሸጠው ይኖሩ የነበሩት የዴንማርክ ገበሬዎች ዋጋ ሲወድቅባቸው ፊታቸውን ወደ ከብት እርባታ፣ በተለይም ወደ ቅቤ ምርት አዞሩ። ይሁን እንጂ የትንሹ ገበሬ ቅቤ በእንግሊዝ ገበያ ዋጋ አያወጣም ነበር። ወተቱ በሰፋፊ ዕቃ ተቀምጦ ክሬሙ በራሱ ጊዜ እስኪንሳፈፍ ድረስ ይጠበቃል፤ በዚህ መካከል ይቆመጥጣል፣ አቧራም ያገኘዋል። ከየቤቱ የሚወጣውም ቅቤ ጣዕሙና ጥራቱ የተለያየ ነበር። ጥሩ ዋጋ የሚያገኘው ሰፊ መሬት፣ ብዙ ላምና የተሟላ የወተት ቤት የነበረው ባለ ርስት ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1878 ጉስታፍ ደ ላቫል የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ወተቱን በፍጥነት እያሽከረከረ ክሬሙን ያለማቋረጥ የሚለይ ማሽን ሠራ። ብዙ ሰዓት ይወስድ የነበረው ሥራ ወተቱ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ወዲያው የሚያልቅ ሆነ። ነገር ግን ሦስትና አራት ላም ያለው ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽን ለብቻው ሊገዛ አይችልም። ቢገዛውም ማሽኑ የሚያሠራው በቂ ወተት የለውም።

በምዕራብ ዩላንድ የዬዲንግ መንደር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1882 ለዚህ መላ አበጁ። ተሰባስበው በጋራ ዋስትና ገንዘብ ተበደሩ፣ የጋራ ወተት ቤት ሠሩ፣ ማሽኑንም አቆሙ። ወተቱ ከየአባሉ ቤት በጋሪ እየተሰበሰበ ይመጣል፤ ክሬሙ ተለይቶ ቅቤ ይሆናል፤ ክሬሙ የወጣለት ወተት ደግሞ ለጥጆችና ለሌሎች እንስሳት ቀለብ ወደየአባሉ ይመለሳል። ትርፉ የሚከፋፈለው እያንዳንዱ ባስረከበው ወተት መጠን ነው። በስብሰባ ላይ ግን አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ድምፅ የሚቆጠረው በሰው ራስ እንጂ በከብት ራስ አይደለም የሚለው አባባል በዴንማርክ ኅብረት ሥራ ታሪክ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ምሳሌው በፍጥነት ተስፋፋ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በዴንማርክ የነበሩት የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቁጥር ወደ 1,000 ገደማ ደርሶ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንድ ገበሬ ዕዳ የሚሆነው ማሽን ለመንደሩ በጠቅላላ ሀብት ሆነ።

አንድ ገንዳ፣ አንድ በሽታ

የዬዲንግ አሠራር ግን ያልታሰበ ችግር ይዞ መጣ። የመንደሩ ሁሉ ወተት በአንድ ገንዳ ሲቀላቀል፣ በአንዲት ላም ወተት ውስጥ የነበረው የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም ከሁሉም ጋር ይቀላቀላል። ወደየቤቱ የሚመለሰውን ወተት የጠጡ ጥጆች በበሽታው ይያዙ ጀመር። ቀድሞ በአንድ በረት ተወስኖ ይቀር የነበረ በሽታ በማኅበሩ ጋሪ ተጭኖ መንደር ለመንደር ተዘዋወረ።

በርንሃርድ ባንግ የተባሉት የዴንማርክ የእንስሳት ሐኪም ጉዳዩን አጥንተው መፍትሔ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የዴንማርክ ሕግም ክሬሙ የተለየለት ወተት ወደ ገበሬው ከመመለሱ በፊት እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ አስገደደ። ይህን ለመፈጸም ማሞቂያ መሣሪያ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ገበሬ በየቤቱ እንዲያፈላ ቢታዘዝ ኖሮ ማን አፈላ፣ ማን አላፈላ ብሎ መቆጣጠር አስቸጋሪ ይሆን ነበር። ማኅበሩ አንድ ማሞቂያ ሲተክል ግን የሁሉም ወተት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሙቀት ያልፋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። ብዙ ምርት በአንድ ቦታ መሰብሰቡ በሽታን ሊያዛምት ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ ቦታ የተሰበሰበውን ምርት በአንድ መሣሪያ መጠበቅም ይቻላል። ይህ እውነት ከ120 ዓመት በኋላ በኮሮና ዘመን እንደገና ታይቷል።

አናንድ፦ የተደፋው ወተት

ሁለተኛው የታሪካችን ስፍራ በሕንድ አገር፣ በጉጃራት የምትገኘው አናንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የካይራ አውራጃ ገበሬዎች አንድና ሁለት ጎሽ ወይም ላም ያሏቸው ድሆች ነበሩ። ወተታቸው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ቦምቤይ ከተማ የሚጓጓዘው ፖልሰን በተባለ የግል ኩባንያ አማካይነት ሲሆን፣ ገዢው አንድ ብቻ በመሆኑ ዋጋውን የሚወስነውም እሱ ነበር። ገበሬዎቹ አቤቱታቸውን ይዘው ለታዋቂው የነፃነት ታጋይ ለሳርዳር ቫላብህባይ ፓቴል ሲያመለክቱ ያገኙት ምክር የራሳቸውን ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ነበር። ለ15 ቀናት ያህል ለነጋዴው አንድ ጠብታ ወተት ሳይሸጡ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1946 ዩኒየናቸው በሕግ ተመዘገበ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ አናንድ የመጡት መሐንዲስ ቨርጊስ ኩሪየን ደግሞ ለረጅም ዓመታት ዩኒየኑን በሥራ አስኪያጅነት መርተዋል። ዛሬ ዓለም «አሙል» ብሎ የሚያውቀው የወተት ምርት የተወለደው ከዚህ ነው።

ዩኒየኑ ገና ሳይጠና አንድ ፈተና ገጠመው። በሕንድ የጎሽ ወተት በቀዝቃዛው ወራት በብዛት ይገኛል፤ በበጋው ሙቀት ደግሞ ይቀንሳል። የቦምቤይ ገበያ የሚፈልገው ግን ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ መጠን ነበር። ስለዚህ ወተት በሚትረፈረፍበት ወቅት ዩኒየኑ ከአባላቱ የሚረከበውን መገደብ ግድ ሆነበት። ገበሬው በሚያገኝበት ጊዜ ገበያ አጣ።

መፍትሔው ትርፉን ወተት ወደ ዱቄት መለወጥ ነበር። የውጭ ባለሙያዎች የጎሽ ወተት ስብ ስለሚበዛበት ዱቄት ሊሆን አይችልም የሚል አስተያየት ነበራቸው። የዩኒየኑ ባለሙያ ሃሪቻንድ ዳላያ ግን እንደሚቻል በሙከራ አሳዩ። በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እና በኒውዚላንድ መንግሥት እርዳታ የተሠራው የዱቄት ወተት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1955 በጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ዩኒየኑ አባሉን «ዛሬ ወተትህን መልሰህ ውሰድ» ለማለት የሚገደድበት ምክንያት ቀረ።

ይህ ፋብሪካ ሲተከል ስለ ወረርሽኝ ያሰበ ሰው አልነበረም። የታሰበው በየዓመቱ ለሚመጣ፣ ሁሉም ለሚያውቀው የገበያ ችግር ነው። ቆየት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ መንደር ማኅበራቱ የገባው አውቶማቲክ የወተት መረከቢያም እንዲሁ ለዕለት ተዕለት ችግር የመጣ ነበር። ቀድሞ ከእያንዳንዱ አባል ናሙና እየተወሰደ የስቡ መጠን በአሲድ ይለካ ነበር፤ ውጤቱ ይዘገያል፣ በልኬቱ ላይም ክርክር ይነሣል። በአዲሱ መሣሪያ ግን ወተቱ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይመዘናል፣ የስቡ መጠን ወዲያው ይነበባል፣ ኮምፒዩተሩ ዋጋውን አስልቶ ደረሰኝ ያትማል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሕንድ መንግሥት ትላልቅ የብር ኖቶችን ከገበያ ሲያወጣ ደግሞ ብዙ ማኅበራት ለአባሎቻቸው የባንክ ሒሳብ አስከፈቱ። ክፍያውም ከእጅ ወደ እጅ መሆኑ ቀርቶ በባንክ በኩል ሆነ።

ማሽን እያለ የተደፋ ወተት

በበለጸጉት አገሮች የወተት ሥራ ከዚህ ርቆ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1992 በኔዘርላንድ የመጀመሪያው የማለቢያ ሮቦት በገበሬ በረት ውስጥ ሥራ ጀመረ። ላሟ መታለብ ስትፈልግ ራሷ ወደ ማለቢያው ትገባለች፤ በአንገቷ ያለው መለያ ማን እንደሆነች ይነግራል፤ ማሽኑ ጡቷን አጥቦ ያልባታል፣ የወተቱን መጠን ይመዘግባል፣ የጡት በሽታ ምልክት ካየም ለገበሬው ያሳውቃል። አንድ ሮቦት 60 ያህል ላሞችን ሊያልብ ይችላል። አላቢ ቢታመም ወይም ከቤት ባይወጣ እንዲህ ባለ በረት ውስጥ ማለቡ አይቋረጥም።

በ2012 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ግን በአሜሪካ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ላሞቹ ታልበዋል፣ ማሽኖቹ አልተበላሹም፤ ሆኖም ወተት በገፍ ይደፋ ነበር። በአገሪቱ ትልቁ የወተት ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በሰጠው ግምት፣ በመላ አገሪቱ በቀን እስከ 3.7 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 14 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ወተት እየተደፋ ነበር። በዚያው ሰሞን በከተሞች ያሉ መደብሮች ለአንድ ደንበኛ የሚሸጡትን ወተት እስከ መገደብ ደርሰዋል።

ምክንያቱ ይህ ነበር። ትምህርት ቤቶች፣ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲዘጉ ትልቅ ገዢ ጠፋ። ለትምህርት ቤት የሚሆን ትንንሽ ካርቶን ወይም ለምግብ ቤት የሚሆን ትልቅ ከረጢት የሚሞላ ማሽን ለቤተሰብ የሚሆን ማሸጊያ መሙላት አይችልም። ፋብሪካው ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ስለነበር፣ ሥራው ሲቀር ማሽኑም ቆመ።

በሥጋ ፋብሪካዎች የታየው ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። በደቡብ ዳኮታ፣ በሱ ፎልስ ከተማ የሚገኝ 3,700 ያህል ሠራተኞች ያሉት ፋብሪካ በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በሰኔ ወር በጀርመን፣ በነሐሴ ወር በዴንማርክ ትላልቅ ቄራዎች እንዲሁ በበሽታው ምክንያት ተዘግተዋል። የእንስሳው መጠን ስለሚለያይ ሥጋ መበለት እስከ አሁን በአብዛኛው የሰው እጅና ቢላዋ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሠራተኞቹ በብርድ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ አንዱ ሲታመም ብዙዎች ይከተላሉ። አብዛኛው ሥራ በማሽን በሚሠራበት ቄራ እንኳ በሰው እጅ የቀረው አንድ ክፍል ከተዘጋ ሙሉው ፋብሪካ ይቆማል።

አናንድ በወረርሽኙ ወቅት

ሕንድ ከመጋቢት 25 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መላ አገሪቱን ዘጋች። ሻይ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ጣፋጭ የሚሸጡ ሱቆች ተዘጉ። ብዙ የግል ነጋዴዎች ወተት መግዛት ቀነሱ ወይም ተዉ። ገዢ ያጣው ገበሬ ወተቱን ይዞ ወደ ማኅበሩ መጣ። በዚያን ጊዜ የጉጃራት የወተት ፌዴሬሽን ከ18,000 በላይ የመንደር ማኅበራትና 3.6 ሚሊዮን ያህል አባላት ነበሩት።

በመንደሮቹ መሬት ላይ በኖራ ክብ ተሠርቶ አባላት ማሰሯቸውን ይዘው በየክቡ ውስጥ ተራርቀው ተሰለፉ። መረከቢያው አውቶማቲክ በመሆኑ ሰልፉ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ክፍያው በባንክ ስለሆነ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። የተረከቡት ወተት ከገበያው ፍላጎት በላይ ሲሆን ደግሞ ትርፉ ወደ ዱቄትና ወደ ቅቤ ተለወጠ። በአጎራባቹ በማሃራሽትራ ግዛትም መንግሥት ትርፍ ወተት እየገዛ ዱቄት እንዲሆን አድርጓል። በኔህሩ ዘመን ለቀዝቃዛው ወራት ትርፍ ወተት የተጀመረው መላ ከ65 ዓመት በኋላ ማንም ያላሰበውን የወረርሽኝ ጎርፍ ገደበ።

እርግጥ ነው ዱቄት ማምረት ዋጋ ይጠይቃል። ገበሬው ገንዘቡን ዛሬ ይፈልጋል፤ ዱቄቱ የሚሸጠው ግን ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም በወረደ ዋጋ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሸከም የመጠባበቂያ ገንዘብ ወይም ብድር ከሌለ ፋብሪካው ብቻውን አባሉን አያድንም። በጉጃራት የታየው ውጤት ከማሽኑ ባሻገር ለዓመታት የተጠራቀመ የማኅበር አቅምና የአባላት እምነት ውጤት ነበር።

ጾምና ወረርሽኝ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የወተት አምራቾች እንግዳ አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በፍልሰታ፣ በየረቡዑና በየዓርቡ የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ ላሞች ግን አይጾሙም። በከተማ ዙሪያ ያሉ ማኅበራት የሚረከቡትን ወተት መጠን ቀንሰው፣ አባላት ወተታቸውን ይዘው የተመለሱበት ቀን ጥቂት አይደለም። እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያወቁበት መላ ወተቱን አርግቶ መናጥ፣ ቅቤውን አንጥሮ ማስቀመጥ፣ ከአሬራው አይብ ማውጣት ነው። ክሬም መለያና መናጫ ማሽን፣ ማቀዝቀዣ ታንክና የዱቄት ወተት ፋብሪካ የዚሁ የእናቶች ጥበብ ተከታይ ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ክልከላ የመጣው በዐቢይ ጾም ወቅት ነበር፤ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ነው። ጾሙ ሲፈታ ገበያው እንደ ወትሮው ይነሣል ተብሎ ቢጠበቅም፣ ጥሬ ወተትና ጥሬ አትክልት በሽታውን ያስተላልፋሉ የሚል ወሬ ተነዝቶ ስለነበር ብዙ ሸማች ፈራ። ወተቱን አሙቆ፣ አሽጎ የሚያቀርብ ማኅበር ለሸማቹ የሚሰጠው መልስ ነበረው። በጀሪካን የሚያስረክበው ግን መልስ አጣ። በ1890ዎቹ በዴንማርክ መንደሮች የታየው ነገር፣ የጋራ ማሞቂያ የጋራ ዋስትና መሆኑ፣ እዚህም ተረጋገጠ።

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው መጠባበቂያ እንዲይዙ የተደነገገው በከንቱ አይደለም። በጠቅላላ ጉባኤ የትርፍ ክፍፍል በሚነሣበት ጊዜ ለመጠባበቂያ የሚቀነሰው ገንዘብ ከእያንዳንዱ አባል ኪስ የተወሰደ ይመስላል። ይሁን እንጂ ገበያ በሚጠፋበት ቀን ወተቱን የሚረከበው ያ ገንዘብ ነው። ማሽን ለመግዛት ሲታሰብም መጠየቅ የሚገባቸው ነገሮች ከታሪኩ ግልጽ ናቸው። ማሽኑ ከአንድ በላይ ምርት ይሠራል ወይ? ገዢው ቢቀየር ማሸጊያውን መቀየር ይቻላል ወይ? መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራል ወይ? ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ከማኅበሩ አባላት ልጆች መካከል ሠልጥኗል ወይ? በወረርሽኝ ጊዜ ከሩቅ ከተማ ጠጋኝ ማስመጣት እንደማይቻል ያለፈው አሳይቷል።

ለወረዳና ለዞን አመራርም ድርሻ አለው። የወተት መኪና በኬላ እንዳይቆም፣ የመረከቢያ ጣቢያ ሠራተኛ በእንቅስቃሴ ገደብ ጊዜ የመተላለፊያ ፈቃድ እንዲኖረው፣ ትርፍ ምርት ለሚያቀነባብር ማኅበር ብድር እንዲመቻች አስቀድሞ መወሰን የሚቻለው ደህና በሆነው ዘመን ነው።

የዬዲንግ ገበሬዎች ማሽን የገዙት ስለ ቅቤ ዋጋ ብለው ነው። የአናንድ ገበሬዎች ፋብሪካ የተከሉት በቀዝቃዛው ወራት ወተታቸው እንዳይመለስባቸው ነው። ሁለቱም ወረርሽኝን አላሰቡም፤ ነገር ግን የየዓመቱን ችግር በጋራ ስለፈቱ ያልታሰበው ሲመጣ ባዶ እጃቸውን አልተገኙም። ጾም ቀኑ ታውቆ የሚመጣ የገበያ ፈተና ሲሆን፣ ወረርሽኝ ደግሞ ቀን ሳይቆርጥ የሚመጣ ነው። ለመጀመሪያው በሚገባ የተዘጋጀ ማኅበር ለሁለተኛው ግማሽ መንገድ ሄዷል።